የማክሮ ሪግ ማሻሻያ ዕቃዎች ሲመዘኑ፦ ካሜራና መብራት ይቀየር፣ ናሙናው ግን አይነካ

«ፈጣን ማላቀቂያ» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ ለማክሮ፣ ማለትም ጥቃቅን ነገሮችን አጉልቶ ለማንሳት፣ ይሆናል ማለት አይደለም። መልክዓ ምድር የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ከትራይፖድ አውርዶ ሲመልሰው ግማሽ ሚሊሜትር ቢሳሳት ልብም አይለው። ባለ 10 እጥፍ ኦብጀክቲቭ፣ ማለትም የማይክሮስኮፕ ሌንስ፣ ለገጠመ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 ሚሊሜትር በሚሰፋ) የሚታየው ስፋት 3.6 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ሚሊሜትር የፎቶው አንድ ሰባተኛ ይሆናል። መሃል ላይ ተስተካክሎ የነበረው የጉንዳን ዓይን ወደ ዳር ይሸሻል፤ ስህተቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ከሆነ ደግሞ ፎከሱ ጨርሶ ይጠፋል።

እዚህ የተመዘኑት ጠረጴዛ ላይ በሚቆም ሪግ፣ ማለትም ካሜራውን፣ ሌንሱንና ናሙናውን በሚይዝ መዋቅር፣ የሚገጠሙ አራት ዓይነት ዕቃዎች ናቸው፦ የአርካ-ስዊስ ዓይነት መቆንጠጫ (ካሜራው ሥር የሚታሰረውን ፕሌት በመንጋጋው የሚይዝ)፣ ጀርባው ላይ የካሜራ ማውንት (ካሜራ የሚሰካበት ቀለበት) ያለው ቋሚ ቱቦ፣ መብራት የሚሸከሙ የናቶ ሬሎች (መቆንጠጫ የሚይዛቸው አጫጭር ሐዲዶች) እና ክንዶች፣ እንዲሁም በማግኔት የሚጣበቅ ብርሃን ማለስለሻ። ለሁሉም የቀረበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ካሜራ ወይም መብራት ተቀይሮ ሥራው ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ ናሙናውን እንደ አዲስ ማደን ይመጣል?

መጀመሪያ ስሌቱ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ፍርድ ሁሉ ከሱ ነው የሚወጣው። ፈጽሞ የማይላወስ ማላቀቂያ የለም። ጥያቄው የሚላወሰው የት ላይ ይሁን ነው። 0.1 ሚሊሜትር የሚላወስ መጋጠሚያ አለ እንበል። ኦብጀክቲቩንና ካሜራውን አንድ ላይ ከሚሸከመው ክፍል ሥር ከገባ፣ የምታዩት ቦታ ናሙናው ላይ 0.1 ሚሊሜትር ይሸሻል። በ10 እጥፍ ይህ ሴንሰሩ ላይ 1 ሚሊሜትር ነው፤ በ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም አንድ ፒክስል ወደ 6 ማይክሮን ስለሚሆን 167 ፒክስል ገደማ ማለት ነው። ያው መጋጠሚያ በቱቦውና በካሜራው መካከል ቢሆን ግን ሴንሰሩ ላይ የሚታየው ያው 0.1 ሚሊሜትር፣ ማለትም 17 ፒክስል ብቻ ነው።

ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያለው ልዩነት ይብሳል። የብርሃን መሰብሰቢያ ቁጥሩ፣ ማለትም ኤን.ኤ.ው፣ 0.28 የሆነ ኦብጀክቲቭ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ውፍረት 7 ማይክሮን ያህል ነው። ከኦብጀክቲቩ በኩል 0.1 ሚሊሜትር ከተሳሳታችሁ ከዚያ ውፍረት 14 ጊዜ ርቃችኋል። ከካሜራው በኩል ግን ስህተቱ ለማጉላቱ ካሬ ይካፈላል፦ 0.1 ሚሊሜትር ለ100 ሲካፈል 1 ማይክሮን። ማጉላቱ በጨመረ ቁጥር ሪጉ ከፊቱ በኩል ምሕረት የለሽ፣ ከጀርባው በኩል ደግሞ ቸር እየሆነ ይሄዳል። ማላቀቂያውን ከጀርባ አድርጉ የሚባለው ለዚህ ነው።

አርካ-ስዊስ መቆንጠጫ፦ ለያዘው ይቅር፣ ለአዲስ ገዢ አይመከርም

ብዙ ሰው ማሻሻያውን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካሜራውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያራምደው ሬል ላይ ባለ ሌቨር (ባንድ ግፊት የሚዘጋ እጀታ) መቆንጠጫ ይታሰርና ካሜራው ከነሌንሱ ባንድ ጣት ይወልቃል። ሲያዩት ደስ ይላል። ችግሩ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ የፕሌቱ ስፋት 38 ሚሊሜትር አካባቢ፣ የጎኑ ስልትም 45 ዲግሪ ቢሆንም አምራቾች ሁሉ የሚገዙበት አንድ ልክ ስለሌለ ከፋብሪካ ፋብሪካ ጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ይለያያል። ሌቨሩ የሚዘጋው ባንድ በተወሰነ ስፋት ነው። ጠበብ ያለ ፕሌት ከገባበት የተዘጋ መስሎ ይላወሳል፤ ሰፋ ያለው ደግሞ ሌቨሩን አላዘጋ ይላል፣ ሰውም እየገፋ መንጋጋውን ያበላሸዋል። በጠምዛዥ እጀታ የሚጠብቀው ዓይነት ትንሽ ቢዘገይም ሁሉንም ፕሌት አጥብቆ ስለሚይዝ ለማክሮ ሁልጊዜ እሱ ይሻላል። ሌቨር ካላችሁ ፕሌቶቹን በሙሉ ካንድ አምራች ግዙ።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ፕሌቱ መንጋጋው ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ የት መቆም እንዳለበት የሚነግረው ነገር የለም። 34 ሚሊሜትር የሥራ ርቀት (ከሌንሱ አፍንጫ እስከ ናሙናው ያለው ክፍተት) ያለው ኦብጀክቲቭ ላይ ሁለት ሚሊሜትር ወደ ፊት መሳት ፎከስ ማጥፋት ብቻ ነው። የሥራ ርቀታቸው ጥቂት ሚሊሜትር የሆኑ ኦብጀክቲቮች ላይ ግን የመስታወቱ አፍንጫ ናሙናውን ይወጋዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ ሰላሳ ሰከንድ ለማትረፍ ሲባል በስንት ጥንቃቄ የተዘጋጀ ነፍሳት ይደቅቃል። መቆንጠጫውን መጠቀም ግድ ከሆነ ከፕሌቱ ሥር፣ በኋላ ጫፉ በኩል፣ መንጋጋውን ተደግፎ የሚቆም ማቆሚያ ብሎን እሰሩለት። ሁልጊዜ እስኪነካ ድረስ ከገፋችሁት በኋላ አጥብቁት።

ከ2 እጥፍ በታች፣ በተራ ማክሮ ሌንስ ለሚሠራ ሰው ይህ ሁሉ ክስ ይቀልላል። እዚያ መቆንጠጫው በቂ ነው።

ቋሚ ቱቦ ከነካሜራ ማውንቱ፦ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚገባው

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦብጀክቲቩ፣ ቲዩብ ሌንሱ (ከኦብጀክቲቩ የሚወጣውን ብርሃን ሴንሰሩ ላይ የሚሰበስበው) እና ቱቦው ሬሉ ላይ ዳግም ላይነኩ ይታሰራሉ። የቱቦው ጀርባ በካሜራ ማውንት ያልቃል። ካሜራው የሚወልቀውም የሚገባውም እዚያ ላይ ብቻ ሲሆን ከሥሩ በምንም አይታሰርም። ከሥር የሚታሰር ቢሆን ኖሮ ከካሜራው ወለል እስከ ማውንቱ መሃል ያለው ከፍታ በየሞዴሉ ስለሚለያይ፣ በቀየራችሁ ቁጥር ላሜራ መደርደር ይከተላል።

የሚያስፈልጉት ክፍሎች ብዙ አይደሉም። ለምሳሌ የሚቱቶዮ ኤም ፕላን አፖ የኦብጀክቲቭ ተከታታይ ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚመረጠው የሥራ ርቀቱ ረጅም ስለሆነ ነው፦ 5 እጥፉ ኤን.ኤ. 0.14 እና 34 ሚሊሜትር፣ 10 እጥፉ ኤን.ኤ. 0.28 እና 34 ሚሊሜትር፣ 20 እጥፉ ኤን.ኤ. 0.42 እና 20 ሚሊሜትር። ጥርሳቸው ኤም26 (26 ሚሊሜትር የሚሰፋ) ሲሆን 200 ሚሊሜትር ቲዩብ ሌንስ ይጠይቃሉ። ለቲዩብ ሌንስነት ዲሲአር-150 የተባለው የሬይኖክስ አጉሊ ሌንስ የድሃም የሀብታምም ምርጫ ሆኗል። የትኩረት ርዝመቱ 208 ሚሊሜትር ስለሆነ 10 እጥፉን 10.4 ያደርገዋል፤ ከጀርባው 43፣ ከፊቱ 49 ሚሊሜትር ጥርስ አለው። ከዚያ ወዲያ ያለው ቱቦ፣ አዳፕተርና ሁለት የቱቦ ማቀፊያ ቀለበት ነው።

ቱቦ ስትገዙ አንድ ወጥመድ አለ። ኤም42 ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው፦ የድሮ ፎቶ ካሜራዎች የሚጠቀሙበት ባለ 1 ሚሊሜትር እርከን (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) እና የቴሌስኮፕ ዕቃዎች ላይ ያለው ባለ 0.75። አንዱ ሌላው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ቀጥ ይላል። ገና አልጠበቀም ብሎ በኃይል የሚያዞረው ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይላጨዋል፤ ያ ቱቦ ከዚያ በኋላ የትም ቀጥ ብሎ አይገጥምም። ዕቃው እንደደረሰ በጣት ብቻ ሞክሩ፤ ከሦስት ዙር በኋላ ካስቸገረ አቁሙና በማርከር ምልክት አድርጋችሁ ለዩት።

ርዝመቱን ለመለካት ማስመሪያ አያስፈልግም። ኦብጀክቲቩን ፍቱት፣ ቲዩብ ሌንሱንና ካሜራውን ብቻ ይዛችሁ በጣም ሩቅ ወዳለ ነገር፣ ኪሎሜትሮች ወደሚርቅ ተራራ ወይም ሕንፃ፣ አነጣጥሩ። ቱቦ እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ ጥርት ብሎ የታየበት ርዝመት ትክክለኛው ነው። በተለምዶ 7፣ 14 እና 28 ሚሊሜትር ሆነው የሚሸጡት የኤም42 ቱቦዎች ጥቂት ሚሊሜትር ያጎድላሉ፤ ክፍተቱን በጠመዝማዛ የሚረዝም ቱቦ ይሞላዋል። ካገኛችሁት በኋላ የማሰሪያ ብሎኑን አጥብቃችሁ እርሱት። ጥቂት ሚሊሜትር ቢጎድል ፎቶው መሃሉ ላይ አይታወቅበትም፤ የሚበላሹት ማዕዘኖቹ ናቸው።

የቱቦው ውስጥ ጥቁር ቀለም መቀባቱ አይበቃም። ብርሃን በስስ ማዕዘን ሲመታው ጥቁር ቀለም እንደ መስታወት ያበራል፣ ፎቶው መሃል ላይም ነጣ ያለ ጉም ይታያል። ብዙ ሰው ኦብጀክቲቩን ይወቅሳል። መድኃኒቱ ጀርባው የሚጣበቅ ጥቁር ቬሉቶ መሳይ ጨርቅ ነው፤ ከቱቦው ውስጠኛ ዙሪያ ጋር እኩል ቆርጣችሁ ለጥፉት።

አሁን ማውንቱ። ከማውንት ፊት እስከ ሴንሰር ያለው ርቀት በየካሜራው ይለያያል፦ ኒኮን ኤፍ 46.5፣ ካኖን ኢኤፍ 44፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ሶኒ ኢ 18፣ ኒኮን ዜድ 16 ሚሊሜትር። ሕጉ አንድ ነው፦ ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁት ካሜራዎች ሁሉ ረጅሙን ርቀት የያዘውን ለቱቦው ጀርባ ምረጡ። አጭሩን በአዳፕተር ማስረዘም ይቻላል፤ ረጅሙን ማሳጠር ግን አይቻልም። መስታወት የሌላቸውን አዳዲስ ካሜራዎች ብቻ ለሚጠቀም ሰው ኢኤፍ የተሻለ ነው፤ አዳፕተሩ በየቦታው ይገኛል፣ ለሶኒ ኢ 26፣ ለአርኤፍ 24፣ ለዜድ 28 ሚሊሜትር ይሆናል። ኒኮን ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለው ካሜራ) ያለው ግን ጀርባውን ኒኮን ኤፍ ያድርግ።

አዳፕተሮቹ ሪጉ ላይ አይቀመጡም። እያንዳንዱ ካሜራ የራሱን አዳፕተር ለብሶ ይቀመጣል። እንዲህ ሲሆን ማንኛውም ካሜራ ሲገባ ሴንሰሩ ያለበት ቦታ አንድ ነው፤ የአዳፕተሩ ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ቢሳሳት እንኳ ናሙናው ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከላይ እንደታየው 1 ማይክሮን ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ውድ አዳፕተርም አያስፈልግም፤ ቱቦው ውስጥ ካሜራው የሚያዘው ዲያፍራም (የሚጠብና የሚሰፋ የብርሃን ቀዳዳ) የለም። ካሜራው ግን ሌንስ የለም ብሎ አላነሳም ሊል ስለሚችል፣ ያለ ሌንስ ማንሳትን የሚፈቅደውን ምርጫ ከሜኑው ክፈቱ። ሴንሰሩን የሚያረጋጋውንም አጥፉ፤ ያልተንቀሳቀሰውን ልከተል ብሎ እሱ ራሱ ይንቀሳቀሳል።

ካሜራው የሚወልቅበት መጋጠሚያ በጥርስ የሚጠመዘዝ መሆን የለበትም። ጥርስ የሚቆመው በጠበቀበት ቦታ ነው፤ ዛሬ አግድም የሆነው ፎቶ ነገ ሁለት ዲግሪ ያዘነብላል። ባዮኔት (አስገብተው ጥቂት ሲያዞሩት የሚቆለፍ መጋጠሚያ) ግን በመቆለፊያ ፒኑ ሁልጊዜ አንድ ማዕዘን ላይ ይቆማል። ከኢኤፍ ወደ ኤም42 የሚያገናኘው ቀለበት 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ነገር ስለሆነ፣ ሲገጠም ካሜራው ዘንበል ብሎ ቢቆም አዙሮ ለማስተካከል እንዲቻል በትንሽ ብሩጎላ የሚፈቱ ሦስት ራስ አልባ ብሎኖች ያሉትን ዓይነት ፈልጉ። አንዴ አግድም ካደረጋችሁት በኋላ ብሎኖቹ ላይ ጠብታ የብሎን ማጣበቂያ ጨምሩ።

ማቀፊያ ቀለበቱ አንድ ብቻ ከሆነ ካሜራው ሲሰቀል ቱቦው ያጎነብሳል። ሁለት ይሁን፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 6 ሴንቲሜትር ይኑር፣ አንዱም ወደ ካሜራው ይጠጋ። የቱቦዎች የውጭ ስፋት ስለሚለያይ ቀለበት ከማዘዝ በፊት በካሊፐር ለኩ። ሰፍቶ ከመጣ ወረቀት ወይም ጎማ አትጠቅልሉበት፤ ጎማ ሞላ ሆኖ የሻተሩን (ሴንሰሩን የሚከፍቱና የሚዘጉ መጋረጃዎችን) ንዝረት ያቆየዋል። ስስ የአሉሚኒየም ወይም የናስ ላሜራ ይሻላል።

የዚህ ዘዴ እውነተኛ ጉድለት ካሜራውን ወደ ቁም ማዞር አለመቻሉ ነው። አንዳንዱ ቀለበቱን አላልቶ ቱቦውን በሙሉ ያዞራል፤ ያኔ የፊቱ ነገር ሁሉ ይናወጣል። ናሙናውን ማዞር ይቀላል።

ሬሉን በተመለከተ በአጭሩ፦ በቁም የቆመ ሪግ ላይ ካሜራ ሲወልቅ ሬሉ የተሸከመው ክብደት በድንገት ይቀንሳል። ተራ ጠመዝማዛ ዘንግ ራሱን ይቆልፋል። ኳስ ያለው ዘንግ ግን ሞተሩ ሲጠፋ በክብደት ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ካሜራ በምትቀይሩበት ጊዜ ሞተሩ እንደበራ ይሁን፣ ወይም ሥሩ መደገፊያ አስቀምጡ። 1 ሚሊሜትር እርከን ያለው ዘንግና በዙር 200 እርምጃ ያለው ሞተር ያለ ምንም ክፍልፋይ 5 ማይክሮን ይራመዳል፤ ለ10 እጥፍ የሚፈለገውም እሱው ነው።

መብራት፦ ክንዱ ሳይሆን መጋጠሚያው

መብራት ሲነሳ መጀመሪያ የሚወሰነው ከማን ጋር ይታሰር የሚለው ነው። ከካሜራው ጋር ከታሰረ፣ ሬሉ በተራመደ ቁጥር መብራቱም ይራመዳል፣ የጥንዚዛው ጀርባ ላይ ያለው ነጸብራቅም ከፎቶ ወደ ፎቶ ይሸሻል፤ ስታኩ (በየእርምጃው ተነስተው አንድ ጥርት ያለ ፎቶ የሚሆኑት ፎቶዎች) ሲዋሃድ እዚያ ቦታ ላይ ጭራ ያለው ነጭ ጠባሳ ይቀራል። በ10 እጥፍ 1 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ብዙም አይታወቅም። በ1 እጥፍ 25 ሚሊሜትር ሲኬድ ግን በግልጽ ይታያል። ስለዚህ መብራቱ ናሙናው ከቆመበት ወለል ጋር ይታሰር። ናሙናው የሚራመድበት፣ ካሜራው የሚቆምበት ሪግ ከሆነም መብራቱ ከናሙናው ጋር ይሂድ።

ባለ አንድ ማሰሪያ ክንዶች፣ መሃላቸው ያለው እጀታ ሲላላ ሦስቱም መገጣጠሚያ ባንዴ የሚፈታባቸው፣ ለፊልም ቀረጻ ጥሩ ናቸው። እዚህ ግን መብራቱን አንድ ሴንቲሜትር ለማዞር ስትሉ ፍላሹ ናሙናው ላይ ይወድቃል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፍላሽ 28 ሴንቲሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ሲሰቀል መገጣጠሚያው 1.4 ኒውተን ሜትር ያህል መሸከም አለበት፤ ርካሾቹ ቀስ እያሉ ይሰግዳሉ። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ የየራሱ ማጥበቂያ ያለውን አጭር ክንድ ምረጡ። እንደ አንገት የሚተጣጠፉት ብረት ቱቦዎችስ? ከእጅ አይሻል ዶማ፤ ካቆማችሁበት ቦታ ሁለት ሴንቲሜትር ይመለሳሉ።

የእውነት ማሻሻያ የሚባለው የክንዱ ጫፍ ነው። እዚያ ላይ አጭር የናቶ ሬል ይታሰራል፤ ፍላሹም ኤልኢዲውም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የናቶ መቆንጠጫ ለብሰው ይቀመጣሉ። ክንዱ ሳይነካ አንዱ ይወጣና ሌላው ይገባል። ሬሉ አግድም ይሁን፤ ቁም ከሆነ መቆንጠጫው ሲላላ መብራቱ በራሱ ክብደት ይንሸራተታል። ሬሉ ክንዱ ላይ የሚታሰርበት ብሎን አንድ ብቻ ከሆነ ዞሮ ይላላል፤ ስለዚህ ሁለት ብሎን የሚቀበል ወይም የአሪ ዓይነት ማስተካከያ ፒን ያለው፣ ማለትም 3/8-16 ብሎንና ከጎኑ ሁለት ትንንሽ ፒኖች ያሉት፣ ይሁን። ይህ ክፍል የተጠየቀውን ያደርጋል፤ ያለ ማመንታት ይመከራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ነገር ትልቅ ጉዳት ታደርሳለች። የፎቶ ዕቃዎች ብሎን 1/4-20 ነው፦ 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1.27 ሚሊሜትር እርከን። ከመሣሪያ ሳጥን የሚገኘው ኤም6 ደግሞ 6 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 1 ሚሊሜትር እርከን አለው። ኤም6ቱ በ1/4 ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ሦስት ጥርስም ይይዛል፣ በእጅ ሲነቀነቅ የጠበቀ ይመስላል። ክብደት ሲሰቀልበት ግን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ሁለቱን ባንድ ዕቃ አታስቀምጡ። ቀዳዳው ከተበላሸ ከብረት ሽቦ የተሠራ የጥርስ ማስገቢያ ይጠግነዋል፤ ቶሎ ቶሎ የሚፈቱ የአሉሚኒየም ቀዳዳዎች ላይ ገና ሳይበላሹ ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው።

ፍላሽና ኤልኢዲ የሚቀያየሩበት ምክንያት አለ። በ10 እጥፍ አንድ ፒክስል ናሙናው ላይ 0.6 ማይክሮን ስለሆነ ወለሉ ላይ የሚራመድ ሰው ብቻውን ፎቶውን ያደበዝዛል። ፍላሽ ያንን ያቆመዋል፤ ግን በሙሉ ኃይሉ ሳይሆን በ1/16 አካባቢ። ኃይሉ ሲቀንስ ብልጭታው ያጥራል፣ ቶሎ ይሞላል፣ አይሞቅም። 1 ሚሊሜትር በ5 ማይክሮን እርምጃ 200 ፎቶ ነው፤ ለእያንዳንዱ 4 ሰከንድ ቢሰጥ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፣ በሙሉ ኃይል ለሚተኮስ ፍላሽ ይህ ቅጣት ነው። ብዙዎቹ ካሜራዎች ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ሻተር ላይ ፍላሽ አይተኩሱም፤ የፊት መጋረጃው ብቻ ኤሌክትሮኒክ የሆነውን ምርጫ ተጠቀሙ። ኤልኢዲ ሲገባ ደግሞ ወደ ሙሉ ኤሌክትሮኒክ ትመለሳላችሁ። ሁለቱን ቅንብሮች፣ ከነጭ ሚዛናቸው (ከብርሃኑ ቀለም ማስተካከያ) ጋር፣ ካሜራው ላይ ባሉት የማስታወሻ ቁጥሮች ለየብቻ ካስቀመጣችሁ ቅየራው ባንድ መዞሪያ ያልቃል።

ኤልኢዲው በማደብዘዣው ሲቀነስ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ሊሆን ይችላል። ነጭ ወረቀት በ1/1000 ሰከንድ በኤሌክትሮኒክ ሻተር አንሱ፤ መስመር መስመር ከታየ በግማሽ ሰከንድ አካባቢ ሥሩ፣ ወይም መብራቱን ሙሉ አድርጋችሁ አርቁት። ሙቀቱንም አትናቁ። አሉሚኒየም በሜትር በአንድ ዲግሪ 23 ማይክሮን ይለጠጣል። 20 ሴንቲሜትር የሆነ ምሰሶ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ 4.6 ማይክሮን ይረዝማል፣ ያም አንድ ሙሉ እርምጃ ነው። መብራቱ ምሰሶውን ፊት ለፊት እንዳይመታው፣ ስታኩም መብራቱ እንደበራ ወዲያው እንዳይጀመር።

ፍላሹን የሚያስተኩሰው ሬዲዮ ማሠራጫ ካሜራውን የሚነካበት የኤሌክትሪክ ነጥብ መሃሉ ላይ አንድ ብቻ የሆነ ተራ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። የፍላሹን ኃይል በእጁ ለሚወስን ሰው ሌሎቹ ነጥቦች ጥቅም የላቸውም፤ ባለ አንድ ነጥቡ ደግሞ ከካሜራ ካሜራ ይዛወራል። የድሮ ፍላሽ ግን ካሜራው ላይ በቀጥታ አትሰኩ፤ አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ይልካሉ። የማንሻ ገመድም ለየካሜራው ይለያያል፤ ካኖን አር5 ኤን3 የሚባለውን ሲወስድ አር6 2.5 ሚሊሜትር መሰኪያ ይወስዳል። ገመዱ እንደ አዳፕተሩ ካሜራው ላይ ታስሮ ይቀመጥ፣ ከመቆጣጠሪያው የሚመጣው መጋጠሚያ ብቻ ይነቀል።

ብርሃን ማለስለሻው ከመብራቱ ይለይ

ከቱቦው ቀጥሎ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፣ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ማለስለሻው መብራቱ ላይ ከተለጠፈ መብራት ሲቀየር የብርሃኑ ቅርጽም ይቀየራል። ናሙናው ዙሪያ በራሱ ከቆመ ግን ናሙናው የሚያየው ማለስለሻውን ነው፤ ከኋላ ፍላሽ ይሁን ኤልኢዲ ጥላው አይለወጥም።

40 ሚሊሜትር የሆነው የጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ለ34 ሚሊሜትር የሥራ ርቀት የተሠራ ይመስላል። ናሙናው ኳሱ መሃል ይቀመጣል፤ ግድግዳው ከሱ 20 ሚሊሜትር ይርቃል፣ ኦብጀክቲቩም ውጭ ይቀራል። ቀዳዳው ምን ያህል ይሁን? ኤን.ኤ. 0.28 ማለት ብርሃኑ በግራና በቀኝ 16 ዲግሪ ይከፈታል፤ 20 ሚሊሜትር ላይ 12 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል፣ የሚታየው ቦታ ሰያፍ 4.3 ሚሊሜትር ሲጨመርበት 16 ይሆናል። 18 ሚሊሜትር ብትበሱ በቂ መላወሻ አለው፤ ለ5 እጥፉም ይሆናል። አጥብባችሁ ብትበሱት የኦብጀክቲቩን አፍ እንደጨፈናችሁት ነው፣ ፎቶው ይጨልማል፣ ዝርዝሩም ይደበዝዛል። አስፍታችሁ ብትበሱት ደግሞ በሚያብለጨልጭ ዓይን ላይ ትልቅ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል። የኳሱን ጽሑፍ በአሸዋ ወረቀት አጥፉ፣ የመገጣጠሚያ መስመሩንም ወደ ኋላ አዙሩ። ከ2014 በፊት የተሠሩት ኳሶች በአብዛኛው ሴሉሎይድ ናቸው፤ እንደ ክብሪት ስለሚቀጣጠሉ የሚያቃጥል መብራት አጠገብ አታድርሷቸው።

ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚያጠፋ ማጣሪያ ፊልም) ለሚጠቀም ኳሱ አይሠራም። ማለስለሻ የብርሃኑን የንዝረት አቅጣጫ ስለሚያፋልስ ፊልሙ በማለስለሻውና በናሙናው መካከል መግባት አለበት፤ ለዚያ ዝርግ ማለስለሻ በሁለት በኩል ማቆም ይሻላል።

በማግኔት የሚጣበቁት መያዣዎች እዚህ ጥሩ ይሠራሉ፣ ሦስት ማግኔት ካላቸው። የሁለቱን ሰሜን ወደ ላይ፣ የአንዱን ደቡብ ወደ ላይ አድርጋችሁ ከለጠፋችሁ ማለስለሻው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፣ ዞሮ የመግባት ዕድሉ ይዘጋል። ግን ነፍሳት የሚወጋበት መርፌ ብረት ነው። ጠንካራ ማግኔት ሲቀርብ መርፌው ሳብ ይላል፣ ጉንዳኑም አብሮት፤ ስታኩ ተጀምሮ ከሆነ አለቀ። ባዶ መርፌ አቁማችሁ ማለስለሻውን አስገቡና በካሜራው እዩት፤ ከተንቀሳቀሰ ማግኔቶቹን ወደ ውጭ አርቁ ወይም መርፌውን ብረት ባልሆነ ነገር ተኩት። ተራው ኒዮዲሚየም ከ80 ዲግሪ በላይ ጉልበቱን ስለሚያጣም ኤልኢዲው ጀርባ ላይ አይለጠፍ።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፍርዱን ለዓይን አትተዉት። 1 ሚሊሜትር ለ100 የተከፈለበት የማይክሮስኮፕ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ በ10 እጥፍ አንዱ ክፍል 17 ፒክስል ገደማ ይሆናል። አንሱ፣ ካሜራውን አውልቁ፣ መልሱ፣ ደግማችሁ አንሱ፤ አምስት ጊዜ። መስመሩ ከ20 ፒክስል ያልበለጠ ከተንቀሳቀሰ መጋጠሚያው ጥሩ ነው። ወዲያና ወዲህ 50 ከደረሰ አዳፕተሩ ላልቷል፤ ባዮኔቱ ላይ ያሉትን የተሰነጠቁ ምላሶች በስስ ካቻቢቴ ጥቂት ከፈት ስታደርጓቸው ይጠብቃል። ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል፣ ወደ መሬት፣ የሚሄድ ከሆነ ግን አዳፕተሩን አትንኩት፤ የሚያጎነብሰው ቱቦው ነው፣ ማቀፊያ ቀለበቶቹን ፍቱና ካሊፐሩን አንሱ።